ከዕድር የተዋስነው አግዳሚ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው ጥቂት ሰዎች ነን። ታናሽ እህቴ ስንዱ፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍልን ያለፈች። የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ጋሽ ወልዴ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ያያቸው ሰው ጥቂት የሆነ። እትዬ ከድጃ፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ቅመም የሚነግዱ፣ የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር። እና እኔ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጣሪ፣ አባታችን ከሞቱ ወዲህ ለስንዱ ወንድምም አባትም የሆንኩ።

ሁሉንም ያስታወሰኝ የመጨረሻ ልጄ የቤዛ ጉዳይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላስመዘግባት ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ስንዞር ሰነበትን። የትም ብንሄድ መልሱ «ሞልቷል» ነው። ባለፈው ሳምንት ከቀራንዮ ወደ ቤቴል በእግር ስንሄድ መንገድ ዳር የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። አጠገቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ሟቹን ታውቃቸዋለህ?» አለችኝ ቤዛ።

«አላውቃቸውም። ወንበሩን እያየሁ ነው።»

ልጆቼ ምክር ታበዛለህ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በዚያን ቀን ግን ምክሩን ትቼ ይህን ነገርኳት።

ያኔ ከአየር ጤና ወዲህ ያለው መንገድ በክረምት ጫማ የሚውጥ ጭቃ ነበር። ስንዱን ይዤ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስደርስ የወላጆች ሰልፍ አጥሩን ዞሮ በቆሎ ጠባሿ ሴትዮ ጋ ደርሷል። ሰልፈኛው ሁሉ በቆሎ እየጋጠ ይጠብቃል። ስንዱ ግን አልበላ አለች። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ያወቅሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ከእሷ መጻሕፍት ነው። እሷም እንደኔ ቀርታ ማየት አልፈለግሁም።

ርዕሰ መምህሩ ድካም ያጎበጣቸው ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ሞልቷል። አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ነው የማስቀምጠው» አሉኝ።

«ከቢሮዎ ጀርባ ያለው አዲሱ ክፍልስ?»

«ገብተህ እየው።»

ገባሁ። ጭቃው ገና ያልደረቀ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ። ሌላ ምንም የለም። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው «ወላጆች ናቸው ያቆሙት» አሉኝ። «አስተማሪም አላጣም። መቀመጫ ይላካል ከተባለ ቆየ፤ አልመጣም። ልጆቹን እርጥብ መሬት ላይ አስቀምጬ ሳንባቸውን አላስመታም።»

«መቀመጫ ባመጣስ?»

ጥቂት አሰቡ። «ያመጣኸው መቀመጫ ላይ የሚያርፍ ልጅ ሁሉ ተማሪዬ ነው። መቀመጫው በሌለ ቀን ግን ልጆቹ ቤታቸው ይውላሉ። የሰኔ ፈተና ያመለጠው ደግሞ ዓመቱን ይደግማል፤ ለደጋሚ ቦታ የለኝም። ከወዲሁ እወቀው።»

አግዳሚ መሥራት እችል ነበር፤ ጣውላው ግን የእኔ አልነበረም። ስንዱ ከኋላዬ እየተከተለችኝ ወደ ቤት ስንመለስ በዕድሩ ዕቃ ቤት በኩል አለፍን። በመስኮቱ ቀዳዳ የተከመሩት አግዳሚዎች ይታያሉ።

እሁድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ አግዳሚዎቹን ለአዲሱ ክፍል እንዲያውሱን ጠየቅሁ። ጋሽ ወልዴ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁኝም።

«ይህ አግዳሚ የለቅሶ ነው። ለሠርግ ተጠይቀን እምቢ ብለናል። ነገ አንዱ ቢሞት ለቀስተኛውን ምን ላይ ልናስቀምጠው ነው? ስንዱ ጭን ላይ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ጊዜ እትዬ ከድጃ ቁልፋቸውን እያቅጨለጨሉ ተነሡ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዕቃ ቤቱን ከፍቼ የማየው እኔ ነኝ። ከለቅሶ እስከ ለቅሶ አይጥ ናት ተንደላቃ የምትቀመጥበት። እስካሁን ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ይሆናል እኮ!»

አሁን ሳቁ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረ። እሳቸው አልሳቁም። ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጡሩምባ በተነፋ ጠዋት አግዳሚው ድንኳን ውስጥ ካልተገኘ ከዕድሩ ትሰረዛለህ። እናትህም ጭምር።»

ከዕድር መሰረዝ ማለት ቀባሪ ማጣት ማለት ነው። እናቴን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ነበር። «እሺ» አልኩ።

ስንዱና ብዙ የሰፈር ልጆች በዚህ መንገድ ዘጠነኛ ክፍል ገቡ። ከሥራ ቤት የተራረፈ ጣውላ ልጌ ሰጠኋቸው፤ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጽፉበታል። የሌላው ክፍል ተማሪዎች «ለቀስተኞቹ» የሚል ስም አወጡላቸው። አንዱ ጎረምሳ በየጠዋቱ «ለቀስተኞች፣ ዛሬ ማን ሞተ?» ይላል። ስንዱ ደግሞ «ያንተ የሒሳብ ውጤት!» ትለዋለች።

ከጨዋታው ጀርባ ግን ጭንቀት ነበር። ንጋት ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ከሁላችንም ቀድማ የምትነሣው ስንዱ ናት። አግዳሚውን ከጎረምሶች ጋር ተሸክሜ አወጣለሁ፤ ሠልስቱ ሲያልፍ እመልሳለሁ። በዚያ መሐል የእሷ ክፍል ልጆች ቤታቸው ይውላሉ። እናም ስንዱ የሰፈሩን በሽተኛ ሁሉ እየዞረች ትጠይቅ ጀመር። ለአንዱ አጥሚት ታደርሳለች፣ ለሌላው መድኃኒት ትገዛለች። ጎረቤት ሁሉ መረቃት። እኔም ደግነቷን አልክድም፤ ነገር ግን አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የማስበው አግዳሚውን ነው፤ ኃጢአት ይሆን?» አለችኝ። በሽተኞቹን መጠየቋን እንዳታቋርጥ ብቻ ነገርኳት።

በግንቦት ጋሽ ወልዴ ታመሙ። ስንዱ ከትምህርት መልስ እየሄደች ጋዜጣ ታነብላቸው ነበር። ንባቧን ያርሟታል፣ ይቆጧታል፤ ስትቀር ደግሞ ለምን ቀረች ይላሉ። አንድ ቀን ጋዜጣውን አስቆሟትና «ፈተናሽ መቼ ነው?» አሏት።

«ሰኔ አጋማሽ ነው፣ ጋሽ ወልዴ። ሦስት ቀን ነው።»

«እስከዚያ እቆይልሻለሁ።»

ስንዱ እያለቀሰች ቤት ገባች።

መቆየቱ አልሆነላቸውም። ፈተናው በሚጀመርበት ዕለት ንጋት ላይ ጡሩምባው ተነፋ፤ ነፊው የጋሽ ወልዴን ስም ጠራ። ስንዱ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ለእሳቸው ይሁን ለፈተናዋ መለየት ፈርታ መሰለኝ። እኔም ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ወጣሁ። ቃል ቃል ነው፤ የሰጠሁትም ለሟቹ ነው። ሦስት ጎረምሶች ይዤ በካፊያው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።

በሩ ላይ እትዬ ከድጃ ሻሻቸው በዝናብ ርሶ ቆመዋል።

«ወዴት ነው?»

«አግዳሚውን ላወጣ ነዋ፣ እትዬ ከድጃ። ቃል አለብኝ።»

«ለማን የገባኸው ቃል ነው?»

«ለጋሽ ወልዴ።»

«እንግዲያው እሳቸው ያሉትን ስማ። ትናንት ልጠይቃቸው ብገባ እጄን ይዘው ‹ሞቴ ፈተናው ላይ ከዋለ አግዳሚው እንዳይነካ፤ ሰዉ እኔን መሬት ተቀምጦ ያልቅሰኝ› አሉኝ። ባለቤታቸውም ሰምተዋል። በል ተመለስ።»

«ዕድርተኛውስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ቀብሩ ቀራንዮ ተፈጸመ። ከቀብር የተመለሰው ሰው ድንኳን ውስጥ ሲገባ መቀመጫ የለም። እትዬ ከድጃ ከሱቃቸው ባዶ ጆንያ አስመጥተው መሬቱ ላይ አነጠፉ። ጆንያው የበርበሬ ስለነበር ለቀስተኛውን ሁሉ ያስነጥሰዋል። ጉልበታቸውን ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ይህ ሰው በሕይወቱም አላስቀመጠን፣ በሞቱም አላስቀመጠን!» ሲሉ እያለቀሰ ያልሳቀ የለም። በማግስቱ ግን ሁለት ሰዎች ዕድሩ ተዋረደ ብለው ቀሩ። ከእኔ ጋርም ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም። ሁሉም ሰው መልካም ነበር ብዬ አልዋሽም።

በሦስተኛው ቀን ስንዱ ከመጨረሻው ፈተና በቀጥታ መጣች። ጣቷ በቀለም ተነክሯል። ከሟች ባለቤት አጠገብ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

«ጻፍሽ?» አሏት ሴትየዋ።

«ጻፍኩ፣ እማማ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ብዪ» ብለው ከፊታቸው ካለው ንፍሮ በእፍኛቸው ዘግነው መዳፏ ላይ አደረጉላት።

ስንዱ ፈተናውን አለፈች። ዛሬ አዋላጅ ነርስ ናት።

ቤዛ ታሪኩን ሰምታ «አባዬ፣ መጀመሪያ እምቢ ያሉት እኮ እሳቸው ናቸው» አለችኝ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። ሰው አንዴ እምቢ ካለ በእምቢታው ይሞታል ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ።

ልጄ እስካሁን ቦታ አላገኘችም። የመጨረሻው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ወጣት ሴት ናት፤ «የጎደለው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «መቀመጫ አለን፣ አስተማሪ አለን፤ ክፍል ነው ያጣነው» አለችኝ። የትምህርት ቤቱ አጥር ከዕድራችን አዳራሽ ጋር ይዋሰናል። አዳራሹ ሰው ካልሞተ በቀር ተቆልፎ ይከርማል። እሁድ ስብሰባ አለን። ዛሬ የዕድሩ ዳኛ እኔ ነኝ፤ አዳራሹን ለሠርግ ስንጠየቅ እምቢ ያልኩትም እኔው ነኝ።

ለአዳራሹ ስከራከር «ምን ያህል ሊያስወጣን ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያለፈውን ድምር እነግረዋለሁ፦ ለለቀስተኛው ሁሉ ሦስት ቀን መሬት ላይ መቀመጥ፣ ለእትዬ ከድጃ ጥቂት ጆንያ፣ ለእኔ የሁለት ሰው ኩርፊያ፣ ለጋሽ ወልዴ ደግሞ የዳኛ ወግ ያለው ለቅሶ ማጣት። ሌላ ያስወጣን ነገር የለም።