ሞት በሌለበት ቤት ሙሾ አይወርድም

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሷ ነበር። ሙሾ አውራጅ ነበረች። የሟቹን ሥራና ጠባይ አንድ ጊዜ ከሰማች ግጥሙን ታወርደዋለች፤ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ ልቡ ድንጋይ የሆነውም ያለቅሳል። እኔ ፊደልን ያለ አስተማሪ የለየሁ ሰው ነኝና፣ እናቴ ካረፈች በኋላ ግጥሞቿን በመጽሐፍ ላሳትም ቆረጥሁ። የወላጁን ቃል ንፋስ ሲወስደው ቆሞ የሚያይ ሰው፣ መሬቱን ለጎርፍ ካስበላ ገበሬ አይሻልም።

ችግሩ ግጥሞቹ ያሉት በሰው አፍ ብቻ መሆኑ ነው። ከእናቴ ጋር ሲቀበሉ የኖሩ አንድ አሮጊት ወገዳ አሉ፤ ከእርሳቸው በቀር ብዙውን የሚያውቅ አልቀረም። አስተማሪ የሆነችውን ልጄን ከነስልኳ ይዤ ሄድሁ።

መንገዱ አጥንት ያላላል። «አባዬ፣ ወተት ይዘን ቢሆን ወገዳ ስንደርስ ቅቤ ይሆን ነበር» አለችኝ።

«ለቁም ነገር ሲሄዱ አይቀለድም» አልኋት።

አሮጊቷ ሳሙን፤ ጠላ ቀዱልን። የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም፤ ለመጽሐፍ ነው፣ እትዬ።»

«ሞት በሌለበት ቤት ሙሾ? ሟርተኛ ልታደርገኝ ነው? የልጅ ልጆቼ ደጅ ይጫወታሉ፤ ያንተዋም ይችው አጠገብህ ተቀምጣ!»

ሟርት ከንቱ መሆኑን፣ ዕድሜ በፈጣሪ እጅ መሆኑን አስረዳኋቸው። ሰሙኝና «ጨረስህ? እንግዲያው ጠላህን ጠጣ» አሉኝ።

ልጄ ጣልቃ ገባች። «እማማ፣ የአያቴ ሙት ዓመት ይመጣል። ያን ዕለትስ?»

አሮጊቷ ወደ እሷ ዞሩ። «በእሷ ስም ከሆነ ይወርዳል። ለማንም ያወረደችው ቢሆን የእሷው ነው።»

«እስከዚያ ያቆይልን» አልሁ።

«ከቀደምሁም ሞት ተገኘላችሁ፤ ያኔ እንደ ልባችሁ አውርዱ!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። እርሳቸው ካረፉ ግጥሙ አብሯቸው ይቀበራል። ያን ክረምት ከወገዳ ስልክ በተደወለ ቁጥር ድንግጥ እል ነበር።

ሆኖም ለሙት ዓመቱ በልጃቸው ተደግፈው እኛ ቤት ደረሱ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዝክሩ ከተበላ በኋላ ሴቶቹ ከዳሱ ጥግ ተሰበሰቡ። ልጄ ስልኳን መካከላቸው አኖረች። አሮጊቷ መከር ሳይገባ ለሞተ ጎልማሳ የወረደውን ጀመሩ፦

ገብሱ ደርሶልህ አጫጁ ሳይመጣ፣
ምነው ቸኮልህ ካውድማህ ልትወጣ።

«ኧረ ‹ጤፉ ደርሶልህ› ነው ያለችው» አለች አንዲት የእስቴ ሴት።

«እዚህ ደጋ ላይ ማን ጤፍ ዘርቶ! አርፈሽ ተቀበይ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙት ዓመት ሠርግ አይደለም ብዬ ልገሥጽ ስነሣ አሮጊቷ አዩኝ። «ተቀመጥ፣ አንተ ልጅ። ይህችን ደግሞ አባትህ ሲቀበር ነው ያወረደቻት» አሉና ቀጠሉ፦

አባቱ ሲሸኝ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣
ልጄ ይቆጣል ሰልፉ እንዳይፈርስ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። የንስሐ አባታችን እንኳ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እናቴ አልዋሸችም፤ ያን ቀን ለቀስተኛውን ሰልፍ ሳስይዝ ነው የዋልሁ። ዛሬም ቢሆን ለቅሶ ሥርዓት ይኑረው ባይ ነኝ።

ልጄ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ስልኳን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አልኋት። ወደ አሮጊቷም ዞሬ «እትዬ፣ እባክዎ ይድገሙት» አልሁ። «በሳቁ መካከል ቃሉ በደንብ አልተያዘም።»