ከሞተው ድንጋይ ግርጌ

ላፋኤሌ ድንጋይን የሚለየው በጆሮው ነው። በዲጂኖው ጀርባ አንዴ መታ ያደርገዋል፤ ጤነኛው ድንጋይ ይጮኻል፣ የሞተው ድምፁን ይውጣል። በኡፖሉ ደሴት ምሥራቅ፣ ባሕሩ በተራሮቹ መሃል ጠልቆ በሚገባበት መንደር፣ የቤት መሠረት የሚክበው፣ መቃብር የሚደረድረው፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር የሚጠግነው እሱ ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የሁለት ጣቶቹ ጥፍር ከተነቀለ ወዲህ ዳግመኛ አልበቀለም።

በደሴቱ ምዕራብ ያለው ድንጋይ ገና ወጣት ነው። ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰበት ዘመን ሩቅ ስላልሆነ ጥቁር፣ ስለታም፣ አፈር ያልያዘ ነው። የዚህ መንደር ድንጋይ ግን አርጅቷል። ዝናብ ስንጥቁን እየተከተለ ገብቶ፣ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ልጦታል። ዲጂኖ ሲወጋው ከመጠን በላይ እንደበሰለ የዳቦ ዛፍ ፍሬ ይፈርሳል፤ ዙሪያው ቀይ ጭቃ ሆኖ መሃሉ ላይ ሳይበሰብስ የቀረ ድቡልቡል ልብ ይገኛል። ሰዎቹ ልቡን አውጥተው ቤት ይሠሩበታል፤ ጭቃውን ባለበት ይተዉታል። ላፋኤሌም ከልጅነቱ ጀምሮ፣ መጀመሪያ ከአባቱ ጋር፣ በኋላ ብቻውን፣ ከአንድ ኮረብታ ግርጌ እነዚህን ልቦች ሲያወጣ ኖሯል።

አባቱ ሲሞትም ከዚያው ኮረብታ በወጣ ድንጋይ ቀበረው። እንደ ደንቡ ከኮረብታው ግርጌ ባለው በአባቱ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ባለ ሦስት እርከን መቃብር ካበለት። በድንጋዮቹ መሃል ቅጠል አይገባም ነበር። ለሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ አልሠራም፤ ሰዎች ይህን እያነሡ ሲነዘንዙት ሳቅ ብሎ ያልፋል።

የአባታቸውን ቤት የያዘችው ታላቅ እህቱ ቴሌሲያ ናት። ባሏ ሲሞት ከባሏ መንደር ተመልሳ ገባችበት። ላፋኤሌ እሷ በምትቀመጥበት ሰሌን ላይ ተቀምጦ አያውቅም፤ ድምፁንም ከፍ አድርጎባት አያውቅም። በዚያ አገር ወንድም የእህቱ አገልጋይ ነው፤ ከዓሣው የተሻለው ብልት ለእሷ ይሄዳል። እህት ከረገመች እርግማኗ ወንድሟን አልፎ በልጆቹ ላይ ያርፋል። ይህን የሚጠራጠር የለም፣ በእሑድ የሚሰብከው ፓስተር ጭምር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በጊዜው መጥቶ በጊዜው አልሄደም። መጀመሪያ ከኮረብታው ሥር የሚወጣው ምንጭ ቀይ ፈሰሰ፤ ከዚያም ዝናቡ እየወረደ ምንጩ ደረቀ። ከቴሌሲያ ቤት ጀርባ ያሉት የኮኮናት ዛፎች ዘመም አሉ። አንድ ቀን ላፋኤሌ በአባቱ መቃብር ላይ የበቀለውን ሣር ሊነቅል ጎንበስ ብሎ፣ በላይኛውና በመካከለኛው እርከን መካከል እጁን ሰደደ። እስከ አንጓው ገባለት። ድንጋዮቹ አልሰመጡም፤ ከኮረብታው በኩል ተገፍተዋል። የካባቸው እሱ ስለሆነ ልዩነቱን ያውቃል። ያን ዕለት ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ኮረብታው ሊናድ እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው፤ እነሱም ሰሙት። በግራና በቀኝ ያሉት ቤተሰቦች ማሰሮና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደየዘመዶቻቸው ወረዱ። ቴሌሲያ ብቻ ቀረች። ፓስተሩ ሊለምናት ሄደ፤ እግዚአብሔር ቤቴን አይረሳውም ብላ፣ ምሳ አብልታ መለሰችው። ወንዶች ልጆቿ ከባሕር ማዶ፣ ከኦክላንድ ደወሉ። «እዚያ ብርድ ነው አሉ፤ ደረብ አድርጉ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ላፋኤሌ በኮኮናት ወተት የተሠራ ጎደሬ ይዞላት ሄደ። ግድግዳ በሌለው ቤት ጠርዝ ላይ፣ ከምሰሶው ውጭ ተቀመጠ። ከክዳኑ የሚወርደው ውኃ ጀርባውን ይመታዋል።

«ግባ እንጂ። ዶሮ ነህ እንዴ፣ ከደጅ የምትለቅም?»

«እዚሁ ይሻለኛል፣ እትዬ።»

«ስለ ኮረብታው ከሆነ ጎደሬውን አስቀምጥና ሂድ።»

ስለ ኮረብታው እንደሆነ ነገራት። እጁ በእርከኖቹ መካከል እስከ አንጓው መግባቱንም ነገራት። ቴሌሲያ ጎደሬውን ከፍታ አሸተተችና መልሳ ከደነችው።

«ዕድሜ ልክህን ይህን ኮረብታ ስትበላው ኖርክ» አለችው። «አሁን ደግሞ ይበላኛል ብለህ ፈራህ?»

«ለራሴ አይደለም። ለእርስዎ ነው።»

«እኔን ተወኝ። አባባን ማን ይጠብቀዋል? ሰው የሌለበት ቤት ደጅ ላይ ያለ መቃብር የአሳማ መተኛ ነው። እሱ እዚህ እስካለ ድረስ እኔም እዚህ ነኝ። ካላመንከኝ እሱኑ ጠይቀው።»

ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህን ቃሏን እያገላበጠ ሄደ። እሷን ማንሣት አይቻልም፤ አባታቸውን ማንሣት ግን ይቻላል። የሟች አጥንት ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር በአገሩ ያለ ነገር ነው። ነገር ግን አጥንት የሚጠቀለለው እንደ ጨርቅ ለስላሳ ሆኖ በተጎነጎነ ሰሌን ነው፤ እንዲህ ያለው ሰሌን ደግሞ የሴት ሀብት ነው፤ የቤተሰቡም ያለው በቴሌሲያ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰሌኑን መጠየቅ ማለት ፈቃዷን መጠየቅ ነው። ያለ ፈቃዷ መንካት ምን እንደሚያመጣ ሚስቱ አስታወሰችው። ልጃቸው ሜሌ መውለጃዋ ደርሶ ነበር።

«አንተ አጥንት ነክተህ» አለችው ሚስቱ፣ «ልጄን እንዳታስነካብኝ።»

ሁሉንም ሰማት። ሲነጋ ግን ዲጂኖውን አንሥቶ ወጣ።

ከላይኛው እርከን ጀመረ። ቴሌሲያ በሰሌኗ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች፤ በእሷና በእሱ መካከል ከዝናብ በቀር ምንም አልነበረም። አንድ ድንጋይ ባነሣ ቁጥር እርግማኗን ጠበቀ። ሲሰድባት የኖረ ሰው ቢሆን ኖሮ ዝምታዋ ቀላል በሆነለት፤ እሱ ግን ዛሬ ነው የደፈራት። ድንጋዮቹን እንዳነሣሣቸው በረድፍ አስቀመጣቸው። ቆዳቸው መቅላት ጀምሮ ነበር።

ጉድጓዱ ሲከፈት ከኮረብታው በኩል ባለው ግድግዳ ቀይ ውኃ ይንቆረቆር ነበር። የሬሳ ሣጥኑ እንጨት አልቋል። ላፋኤሌ ሸሚዙን አወለቀ፣ ጨመቀው፣ በድንጋዮቹ ላይ ዘረጋው።

«በእሱ ነው?» አለች ቴሌሲያ።

«ሌላ የለኝም፣ እትዬ።»

«ላብህ በጠገበ ሸሚዝ። ሰውየው በሕይወት ሳለም ሽታህን አይወደውም ነበር።»

ተነሣች። የሰሌን ሣጥኗ ክዳን ሲከፈት ተሰማው። እናታቸው የጎነጎነችውን ሰሌን በፕላስቲክ ሸፍና ይዛ መጣችና፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። እሱ ከጉድጓዱ እያነሣ ያቀብላታል፤ እሷ በቀሚሷ ጫፍ እያበሰች ታኖራለች። የራስ ቅሉን ስትቀበል ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ጠቅልላ አስራ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችው።

«የምከተለው እሱን ነው፣ አንተን አይደለም። አሁን ስማኝ። ይህ ኮረብታ ከወደቀ ወንድሜ ነህ። ሳይወድቅ ከቀረ ግን አባቴን ከመኝታው በከንቱ አንሥተኸዋል፤ ያን ጊዜ የምለውን እላለሁ። እስከ መቼ እንደምታገሥ አትጠይቀኝ።»

«እሺ እትዬ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

አጥንቱን አቅፋ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደች፤ እሱ ከኋላዋ ጃንጥላ ዘርግቶላት ተከተለ። እዚያ በላፋኤሌ ቤት ደጃፍ ዝቅ ያለ መቃብር ሠሩለት።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ አባራ። መንደሩ ሰሌኑን አወጣ፣ ልብሱን አሰጣ። ቴሌሲያ በወንድሟ ቤት ውስጥ ወደ ኮረብታው የሚያሳየውን ወገን መርጣ ተቀመጠች፤ ላፋኤሌ ቁርሷን ይዞ ሲመጣ ዓይኗ እዚያ ላይ ነው። ሜሌ ሆዷን ይዛ በአክስቷ ፊት ሳታልፍ ዞራ ትሄዳለች። ላፋኤሌ ጥርት ያለውን ሰማይ እያየ ሳያስበው ደመና ይፈልግ ጀመር። ይህ ምን እንደሚባል አላወቀም፤ ለማንም አልተናገረውም።

ፀሐዩ ሲበረታ የሸሹት ጎረቤቶች ተመለሱ። አንደኛው ማሰሮውን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ኮረብታህ ሰላም ብሎሃል፣ ብሎት ሳቀ። ላፋኤሌ እንዳይወጡ ለመናቸው። እህትህ ወረደችልህ፣ ከኛ ምን አለህ፣ አሉትና ልጆቻቸውን አስቀድመው ወጡ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደመናው ከባሕሩ በኩል ተነሣ። ዝቅ ያለ፣ ጥቁር፣ ፈጥኖ የሚመጣ ነበር። ከኮረብታው ግርጌ፣ ከተመላሾቹ የድንጋይ ምድጃ፣ ጭስ ይወጣል። ቴሌሲያ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«እንዲዘንብ ጸልየሃል አይደል?»

ላፋኤሌ ጭሱን እያየ፣ ጎረቤቶቹን ሊያወርድ ሽቅብ መሮጥ ጀመረ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሳያልፍ ዝናቡ ደረሰበት።