የአገዳ ወረቀትና የአክስቴ ሙቀጫ

ትናንት ከዝናቡ በኋላ ገበያ መሃል፣ አንድ ሱቅ ደጃፍ የበሰበሰ ካርቶን ሸቶኝ ተማሪ ሳለሁ የሠራነው ወረቀት ትዝ አለኝ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ትምህርት ቤት ውስጥ በቋንቋችን በአኝዋክኛ መጻፍ ልንጀምር ነበር፤ ደብተር ግን የለም። ከደጋ የመጡት የእጅ ሥራ መምህራችን «ወረቀቱን ራሳችን እንሠራዋለን» አሉን። የበቆሎ አገዳ ከትፈን በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍን። በዚያ ሙቀት ሳምንት ሳይሞላው ተላ። ከአመድ ጋር ስንቀቅለው የሞተ ዓሣ የሚመስል ግማቱ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። የምንወቅጥበት ስናጣ እኔ ጅሏ ያሳደገችኝን አክስቴን ሙቀጫ ሳላስፈቅድ ተሸክሜ ሄድኩ። ያን ንፍጥ የመሰለ ነገር ወቅጠን፣ በአሮጌ አጎበር አጥልለን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ሙቀጫውንም ወደ ቤት መለስኩት።

በደረቀው ቡናማ ወረቀት ላይ ስሜን ጽፌ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አክስቴ ሙቀጫዋን በአሸዋ እየፈተገች ነበር። ማንበብ አትችልም።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ስሜን ነው።»

ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ስምሽ ይገማል፣ ልጄ» ብላ መለሰችልኝ። «ይህ ሙቀጫ የእናቴ ነው። እህል እንጂ ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም።»

ሽታው በአሸዋም አልለቀቀም። ሌላ ሙቀጫ ስለሌለን ገንፎው በርሜል በርሜል እያለን በላነው። እሷ እንደ ወትሮዋ ትውጣለች፤ እኔ አፍንጫዬን ይዤ እውጣለሁ።

ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ ነጭ ወረቀት ላይ ስፈርም እውላለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን፣ ሰው ሳያየኝ፣ አሸተዋለሁ።