በበጋ የጠጣው ማሰሮ

ታዝማኒያ ውስጥ፣ በሁዎን ሸለቆ የኦርኪድ ማኅበራችን፣ አበባ የሚወድ ሰው ፈልጋችሁ በመከራ ነው የምታገኙት፤ ዋንጫ የሚወድ ግን ሞልቷል። ላንስ ፓስኮ የዋንጫ ወዳጆቹ አውራ ነበር። ሚስቱ ዱልሲ ደግሞ ትዳሯን በሙሉ ለውድድር ዳኞች ሻይ ስታቀርብና የአበባ ዳሱን ከበር ላይ ቆማ ስታይ የኖረች ሴት ናት። "እጅሽ ከባድ ነው፣ አትንኪ" ይላት ነበር። አመነችው።

ጥር ላይ፣ አረንጓዴ ቆብ የምንላቸው ኦርኪዶች ቅጠላቸው ደርቆ አፈር ውስጥ ሲተኙ፣ የተተከሉበትን ማሰሮ ጋዜጣ ላይ እንገለብጣለን። ሽምብራ የሚያክሉትን ነጭ የሥር እንክብሎች ለቅመን ግማሹን ለሌላ አብቃይ እንሰጣለን፤ የአንዱ ቢሞት የሌላው ይተርፋል። ላንስ ግን ለማንም ያላካፈለው አንድ ማሰሮ ነበረው። በውስጡ ያለው አበባ በዱር ይበቅልበት የነበረው ኮረብታ ለመንገድ ሥራ ተንዷል፤ እኛ እስከምናውቀው ዘሩ የቀረው እሱ ጓሮ ብቻ ነበር። በዚያው ማሰሮ በየዓመቱ ይሸለም ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው ሊቀ መንበራችን በቀብሩ ዕለት፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ "የተፈጥሮ ጠባቂ" ያለው።

የሞተው በኅዳር ነው። ከመሞቱ በፊት ለዱልሲ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ታስረው የሚያድጉት ኦርኪዶች በሙቀቱ እንዳይደርቁ ጠዋት ጠዋት ውሃ እንድትረጭ። ረጨች። ከድንጋዮቹ ሥር የተደረደሩትን ማሰሮዎች ግን ደረቅ አፈር ብቻ ሆነው ስታያቸው አንጀቷ አልቻለም። እነሱንም አጠጣች። የተኛ እንክብል በበጋ ውሃ ካገኘ እንደሚበሰብስ የነገራት የለም።

በጥር ክሌም ራትሬይ መጣ፤ ላንስ እስኪሞት ድረስ ሰላም ያላለው ተፎካካሪው። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተና ፊቱ ተለወጠ።

"ዱልሲ፣ አጠጥተሻል እንዴ?"

"ታዲያ በጥም ይሙቱ?"

"ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ! ተኝተው እኮ ነው!"

"የተኛ አይጠማውም? ላንስ ሆስፒታል ተኝቶ ከንፈሩን በጥጥ ሳርስለት ነበር።"

ክሌም፣ በስብሰባ ሁሉ አፉ የማያርፈው ክሌም፣ ጣቱን ከአፈሩ አውጥቶ ጋዜጣ ብቻ ጠየቃት።

ዘርግተው ያንን ለማንም ያልተካፈለውን ማሰሮ ገለበጡት። የሚሸት ጭቃ ወጣ። ዱልሲ ተንበርክካ፣ ከባድ ነው በተባለው እጇ፣ ጭቃውን እንደ ሩዝ ትለቅመው ጀመር። የነካችው ሁሉ ጣቷ ላይ ይፈርጣል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሁለት ጠንካሮች ተገኙ።

"ውሰዳቸው" አለችው።

"ላንስ ከመቃብር ተነሥቶ ያንቀኛል።"

"ይሞክራ! መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።"

"አንዷን እንኳ አስቀሪ።"

"እኔ ካዘንኩላት አጠጣታለሁ፣ ክሌም። አታስቀርብኝ።"

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲገባ፣ አንዷ ሳትበቅል አፈር ውስጥ ቀረች፤ ሌላዋ ቅጠል አወጣች። ክሌም ማሰሮውን አቅፎ በሯ ላይ ቆመ። ለማኅበሩ ገና አልተናገረም፤ ቢናገር ኖሮ ንግግር አዘጋጅተው ይከተሉት ነበር። ዱልሲ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ከጥፍሯ የማትበልጠውን ቅጠል ለረጅም ጊዜ አየቻት።

"የዳሱን በር ዘግቶብኝ የኖረው ለዚህች ነው?"

"ለዚህች ነው።"

በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ከዚያ ማሰሮውን ወደ እቅፉ ገፋ አደረገችለት።

"አንተ ጋ ትደግ። ስትበዛ ትሰጠኛለህ" አለች። "እስከዚያው ግባና መቼ ውሃ እንደማይሰጥ አስተምረኝ።"