ላልተበላ ሥጋ የተሰገደ ስግደት

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ። ይህን የጻፈው ሠርፀ አበጋዝ ዘለቀ ነው። የተጻፈውም ስለ ሠርፀ አበጋዝ ዘለቀ ነው፤ ነገር ግን «እኔ» እያለ ለመጻፍ ስላፈረ «እሱ» እያለ ጽፎታል። የነፍስ አባት ለመያዝ አስቦ የሚፈራ ሰው ካለ፣ ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ ይረዳ።

ሠርፀ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በሰፈራ ከወሎ ወደ አንገር ጉቲን የመጣ ሰው ነው። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ ነቀምቴ ገባ፤ ዛሬ የአንድ ነጋዴን የሲሚንቶና የቆርቆሮ መጋዘን ይጠብቃል። ነጋዴው ለበሩ ሁለት ቁልፍ ቢሰጡት፣ ሦስተኛውን ከገዛ ኪሱ ገዝቶ ጨመረ። ሚስቱ አዳነች «አንተ እኮ ጥላህንም ትፈትሻለህ» ትለዋለች።

አዳነች አብረው እንዲቆርቡ ትመኝ ነበር። ለመቁረብ ንስሐ መግባት፣ ንስሐ ለመግባት ደግሞ የነፍስ አባት መያዝ ግድ ነው።

«ምስጢሬን ለቄሱ፣ ቄሱ ለሚስታቸው፣ ሚስታቸው ለገበያው!» አለ ሠርፀ።

«የአንተን ምስጢር ገበያው ምን ሊያደርግልህ ነው? እንደ በርበሬ ሊሰፍረው?»

ምስጢር ግን ነበረው። ከሦስት ዓመት በፊት የእናቱ የብር አምባር ከሣጥን ጠፋ። የጓሮውን ክፍል ተከራይታ ልብስ የምትሰፋውን ሌንሳን ጠረጠረ፤ በግቢው ሰው ሁሉ ፊት «ሌባ!» ብሎ ጮኸባት። ልጅቱ ፍራሿን ጠቅልላ እያለቀሰች ወደ አገሯ ወደ ቢላ ሄደች። በዓመቱ የሬዲዮውን ድንጋይ ሊለውጥ ክዳኑን ቢከፍት አምባሩ ዱብ አለ። ሌባ እንዳያገኘው ብሎ እዚያ ሸጉጦ የረሳው ራሱ ነበር። ለማንም፣ ለአዳነችም ቢሆን፣ ትንፍሽ አላለም። አምባሩን ሌላ ቦታ ደበቀው።

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም ቄስ በርናባስ ዘንድ ቀረበና እንዲህ አላቸው፦ «አባቴ፣ ባለፈው ዓርብ ቢላ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ልኳንዳ ጥሬ ሥጋ በላሁ።»

ውሸቱን ነው። ቢላን ረግጧት አያውቅም። የቢላው ሥጋ ወሬ ከተማ ውስጥ ከተሰማ ቄሱ ምስጢር አይቋጥሩም፤ ካልተሰማ እውነተኛውን ይነግራቸዋል፤ ዘዴው ይህ ነበር።

ቄሱ ረጅም ጊዜ አዩት። «ሌላስ?» አሉ።

«ሌላ የለም።»

«እንግዲያው ሁለት መቶ ስግደት። መቶውን አንተ፣ መቶውን እኔ።»

«እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?»

«የነፍስ አባት የያዝከው ለምን መሰለህ? ሸክም በሁለት ሰው ይነሣል።»

ሠርፀ አንዲት ጊዜ እንኳ አልሰገደም። ያልበላሁት ሥጋ ምን ያሰግደኛል ብሎ፣ ጆሮውን አቁሞ ሁለት ሳምንት ጠበቀ። ቆርቆሮ የሚገዛው መገርሳ «አካም ጅርታ፣ ሠርፀ! ከሳህሳ፤ ጾሙ ጠበቀብህ እንዴ?» ቢለው፣ በነገር ወጋኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስል ዋለ። ወሬ ግን የለም። ወሬው ሲጠፋ ሌላ ጥርጣሬ መጣበት፦ መቶውን በእርግጥ ይሰግዳሉ?

አንድ ረቡዕ በቀትር ወደ ቄሱ ቤት ሄደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምንትዋብ ደጃፍ ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«ከጓሮ ናቸው፤ አትጥራቸው፣ እየሰገዱ ነው» አሉት።

«ለማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ስኖር የማንንም ገመና አልነገሩኝም። ብቻ የሠራው ሰው ኃጢአቱ ጣፍጦት እንዲሆን ነው የምመኘው፤ የሳቸውን ጉልበት እንደሆነ ጨርሶታል። ቢላ ሳሉ እንደ ሚዳቋ ነበሩ።»

ሠርፀ ደነገጠ። «ቢላ? ቢላ ምን ይሠሩ ነበር?»

«አሥራ አንድ ዓመት ያገለገሉበት ነዋ! ምነው ልጄ፣ ፊትህ ተለዋወጠ?»

በአጥሩ ቀዳዳ አየ። ቄስ በርናባስ ግራ ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው ይሰግዳሉ፤ ለመነሣት የአቮካዶውን ግንድ በሁለት እጅ ይይዛሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና በግንባራቸው ይደፋሉ። ሠርፀ ሳይሰናበት ወጣ። ከቤቱ እስኪደርስ ቀና ብሎ ሰው አላየም።

በማግሥቱ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ ሥጋ አልበላሁም። ልፈትንዎ ብዬ ነው።»

ቢቆጡት በቀለለው። «ከመቶው ሰማንያ ሰባት ደርሻለሁ፤ የተሰገደ አይመለስም» አሉ። «ላልነገርከኝ ይሁንልህ። በል እሱን ንገረኝ።»

የአምባሩን ነገር ከሥሩ ነገራቸው።

«ለዚህስ ስግደት አልሰጥህም። ስግደት በጓሮ ይሰገዳል፤ አንተ ልጅቱን የሰደብካት በአደባባይ ነው። በዚያው ደጅ፣ በዚያው ሰው ፊት ተናገር። ከዚያ ሄደህ ለእሷ ንገር።»

«ይቅር ካላለችኝስ?»

«እሱ የእሷ ነው። እኔ አላዝዝላትም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አምባሩን በእጁ ይዞ በግቢው መካከል ቆመና ተናገረ። የሰደበው የለም፤ ሰዉ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ አንድ በአንድ ተበተነ። አዳነች ብቻ ቀረች። «እኔም አብሬህ ሌባ ብያታለሁ» አለች። «በአንተ አፍ ተሳደብኩ።» ያን ዕለት ምሳውን አቅርባለት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ቢላ ሲደርስ ሌንሳን ከስፌት መኪናዋ ላይ አገኛት። በግቢው ሳለች «ጋሼ» ትለው ነበር። አሁን ቀና ብላ «ኦቦ ሠርፀ» አለችው፣ እንደ ባዕድ።

«አምባሩ ተገኝቷል» አለ። «ሬዲዮ ውስጥ የደበቅሁት እኔው ነበርኩ። አንቺን በከንቱ…»

«መቼ ተገኘ?»

ይህን ጥያቄ አላሰበበትም። «ሁለት ዓመት ሆነው።»

መርፌው ቆመ። «ሁለት ዓመት!» አለች። «አባቴ እስከ ዛሬ ሣጥኑን ሲከፍት ከቤት ያስወጣኛል። ግባና ለእሱ ንገረው። እኔ ሥራ አለብኝ።»

ገብቶ ነገራቸው። ሽማግሌው ጨርሶ እስኪናገር ሰሙትና፣ ልጃቸውን በስሟ ተጣሩ። ሠርፀ ሲወጣ ሌንሳ በአጠገቡ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

የነቀምቴው መኪና እስኪሞላ ድረስ ጊዜ ነበረው። ቄስ በርናባስ አሥራ አንድ ዓመት በተመላለሱበት መንገድ ተሻግሮ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለውን በራሱ ዓይን አየ። ልኳንዳ የለም። ወፍጮ ቤት ነው። ቀድሞስ ምን ነበር ብሎ ባለወፍጮውን ጠየቀው፤ ወፍጮው እዚያው ቦታ ላይ ከተተከለ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቄስ በርናባስም ቢላ ሳሉ እህላቸውን የሚያስፈጩት እዚያው ነበር።