ወንዝ ውስጥ የታጠበው ኩሽኔታ

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ የተሳቢው ቤት ግራ ጎማ እምብርት ላይ እንትፍ አለ። ምራቁ ቸስ ብሎ ተነነ።

«ምን ሆነ?» አለች ሚስቱ፣ ከተሳቢው ቤት በር ላይ ቆማ።

«ግሏል።»

«ምን ያህል?»

«እንቁላል ይጠብሳል።»

ሁለቱም አልሳቁም። ከውስጥ እናቱ ግድግዳውን በማንኪያ ደበደቡ።

«ደረስን እንዴ?»

«ገና ነው እማዬ። ጎማ እያየሁ ነው።»

«ጎማውን ኋላ ታየዋለህ። እህቴ አትጠብቅህም።»

እህታቸው ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ ተኝተዋል። በሽታው ግማሽ ሰውነታቸውን ይዞታል፣ አንደበታቸውንም ዘግቶታል። ስልክ ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉላቸው ከወዲህ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ትናንት የአክስቱ ልጅ ደውሎ «የምትመጡ ከሆነ አሁን ኑ» አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

የሾፌሩ እናት ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ መቀመጥ አይችሉም። አውቶቡሱ «ተኝቶ የሚሄድ ሰው አልጭንም» አለ። አምቡላንሱ ከከተማ አይወጣም። አልጋ ያለው፣ ጎማም ያለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ባልና ሚስቱ የሚኖሩበት አሮጌ ተሳቢ ቤት። ሰው አስተኝቶ መጎተት ክልክል መሆኑን ሾፌሩ ያውቃል። አውቆ ከፒክአፑ ኋላ አሰረው።

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። የሥራ ባልደረቦቹ «ሐኪሙ» ይሉት ነበር። በቆመ ቁጥር፣ ሻይ ከማዘዙ በፊት፣ መኪናውን ዞሮ በየጎማው እምብርት ላይ የእጁን ጀርባ ያሳርፋል። «ዛሬስ ትኩሳቷ እንዴት ነው? ኪኒን ታዘዘላት?» እያሉ ይቀልዱበታል። እነሱ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተቃጥሎባቸው መንገድ ላይ ያድራሉ፤ እሱ አድሮ አያውቅም።

ጡረታ ሲወጣ ተሳቢውን ቤት ገዛ። ጎትቶ ሲያመጣው ጭቃ በጭቃ ነበርና፣ ሠፈር ከመግባቱ በፊት ወንዝ ዳር ቆመ። የጭነት መኪናውን ዕድሜ ልኩን ሲያጥብ እንደኖረው አድርጎ በኋላ ማርሽ እስከ አክስሉ ውሃ ውስጥ ከተተው፤ አሻሽቶ አጠበው። ከዚያ በልጁ ቤት ጓሮ አቆመው። በረንዳ ሠራለት፣ መጋረጃ ሰቀለለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሳቢነቱ ቀርቶ ቤት ሆነ።

ለዚህ ጉዞ ጣሪያውን አየ፣ የጋዙን ሲሊንደር አሰረ፣ የጎማ ነፋስ ለካ፣ መብራት ሞከረ። ሚስቱ «ግራሶስ?» ብላው ነበር።

«ቤት ግራሶ ይበላል እንዴ? የት የት ሄደና ነው?» አለ።

ከመንገዱ ሩብ ያህል እንደሄዱ ሚስቱ ከኋላ፣ ከተሳቢው ውስጥ ደወለችለት። «ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር ያጉረመርማል።» «አሮጌ ቤት ይንቋቋል» ብሎ ዘጋ። ሁለተኛ ስትደውል አላነሳም። ሦስተኛ ሲሆን የሚቃጠል ብረት ሸተተው።

አሁን በክሪክ አነሳው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው፤ ተላወሰ። አሽከረከረው፤ ጠጠር እንደሚያኝክ ጥርስ ተንኳኳ። ቀጥሎ የሚመጣውን ስንት ጊዜ በሌላ ሰው መኪና ላይ አይቶታል። ኩሽኔታው ይበተናል፣ የአክስሉ ጫፍ ይቆረጣል፣ ጎማው ብቻውን መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ፊታቸው ያለው ደግሞ የተራራው ቁልቁለት ነው።

ብረቱ እስኪበርድ ጠብቆ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ በቅርብ ወዳለች ትንሽ ከተማ ተጎተቱ። እግረኞች ቀድመዋቸው አለፉ።

ከተማዋ ውስጥ ያለው ጋራዥ አንድ ነው። በሩ ላይ «ጠቅላላ ጥገና» ስለሚል ሰፈሩ ባለቤቱን «ጠቅላላ» ይለዋል። ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። የጎማውን እምብርት ከድኖ የያዘውን ቆብ ነቅሎ ወደ ውስጥ አየና ጨዋታውን አቆመ።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ይዋኛል እንዴ?»

ግራሶው ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ከኩሽኔታው ሮለሮች ግማሾቹ ዝገው ቡና ዓይነት ሆነዋል፣ ግማሾቹ ከቃጠሎ ብዛት ሰማያዊ ናቸው።

ሾፌሩ ወንዙን አስታወሰ። የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የኩሽኔታውን ጀርባ በሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት በኩል ውሃ ይስባል። መኪናውን በወንዝ ሲያጥብ ችግር ያልደረሰበት፣ በየጊዜው እየፈታ ግራሶውን ስለሚቀይር ነው። ቤቱን ግን አጠበውና ተኛበት። ውሃው እዚያው ቁጭ ብሎ ብረቱን በላ። የቀኙንም ከፈቱት፤ ገና አልጋለም እንጂ ያው ወተት ነው።

ጋራዡ መደርደሪያ ላይ በልኩ የሚሆን ኩሽኔታ አልተገኘም። ወደ ትልቁ ከተማ ተደወለ። ከቀትር በኋላ በሚመጣው ሚኒባስ ከፍሬን ሸራ ጋር ይላካል ተባለ።

«ከቀትር በኋላ?» አለች ሚስቱ። «እጠበውና ግራሶ ሞልተህ መልሰህ ግጠመው። ቀስ እያልን እንሄዳለን።»

«ቁልቁለት ላይ ቀስ አይባልም። ፍሬኑም ግራሶ ጠጥቷል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ሲሚንቶ በሰዓቱ አድርሰሃል። አንድ ቀን የራስህን እናት አድርስ!»

ግድግዳው ተደበደበ። «ንዳ!» አሉ እናቱ። «ብሞትም ወደ እህቴ ስሄድ ልሙት። የማንን ጋራዥ አልጋ ላይ ልቀር ነው?»

«አልነዳም እማዬ።»

«እኔ ነኝ የምልህ!»

«ገደል ይዤሽ አልገባም።»

እናቱ ማንኪያውን ወለሉ ላይ ጣሉት።

ሾፌሩ መንገድ ዳር ወጥቶ እናቱን አስተኝቶ የሚወስድለት የጭነት መኪና ለማስቆም ይሞክር ጀመር። ብዙዎቹ አላዩትም። አንዱ ቆመ፣ ወርዶ በተሳቢው ቤት በር ወደ ውስጥ አየ፤ እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቢሆኑብኝስ፣ አባቴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ያምነኛል?» ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ሾፌሩ አልተቀየመውም። እሱም ሥራ ላይ ሳለ እንዲሁ ብሎ የተዋቸው ሰዎች ነበሩ።

ተመልሶ የአክስሉን ጫፎች በናፍጣ አጠበ፣ ጠራረገ፣ እንደገና አጠበ። ሚስቱ ውሃ ይዛ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ብርጭቆውን ሳይነካ ይዛው ትመለሳለች።

ሚኒባሱ ዘግይቶ መጣ። ሾፌሩ ጠቅላላን ገፋ አድርጎ ራሱ ተቀመጠ፤ በመጀመሪያ የፍሬኑን ሸራ ቀየረ። መዳፉ ላይ ግራሶ ዝቆ፣ የኩሽኔታውን ጠርዝ እየጫነ፣ ግራሶው በሮለሮቹ መሃል አልፎ በወዲያኛው ወገን እስኪወጣ ሞላው። አዲሱን የላስቲክ ቀለበት መታ አድርጎ አስገባ። ጎማውን በአንድ እጁ እያሽከረከረ በሌላው ዳዶውን አጠበቀ፤ ከዚያ ትንሽ መለሰው።

«ምነው ፈታ አደረጉት?» አለ ጠቅላላ።

«ከጠበቀ ይቃጠላል። መተንፈስ አለበት።»

የሚስቱ ስልክ ጮኸ። ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ ሄዳ አነሳችው። ሾፌሩ የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ እያጠፈ ነበር። ስትመለስ ቀና አላለም፤ ጫማዋን ብቻ አየ።

«ጨረስክ?»

«የቀኙ ይቀራል። አሁን እጨርሳለሁ፣ አንዴ ታገሺኝ።»

«ምንም አይደል» አለች። «ተረጋግተህ ሥራ።»

ጠዋት ስትጮህበት ከነበረው ሁሉ ይህ ከበደው። ሽቦው ከጣቱ ወደቀ። ጠቅላላ አንሥቶ ሰጠው፤ አጥፎ ጨረሰ። የቀኙንም በዚያው አሠራር ገጠመ፤ አንዲት ነገር አልዘለለም።

«ለእማዬ ማን ይንገራት?» አለ እጁን እየጠረገ።

«እኔ አልችልም» አለች ሚስቱ።

በሩን ከፈተ። እናቱ ዘወር ብለው አዩት።

«ተነሳን?»

«ተነሳን እማዬ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ግባና ንዳ!»

በሩን ዘጋ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆሞ ዞረ፣ የእጁን ጀርባ በሁለቱም እምብርቶች ላይ አሳረፈ። ለብ እንኳን አላሉም። መሃል ላይም ቆመ፣ ታች ሲደርስም ቆመ። በቆመ ቁጥር እናቱ ከውስጥ ይሰድቡታል። እሱ እየሰማ ይነካል፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።

አክስቱ በማግስቱ ተቀበሩ። እናቱ ወደ ተሳቢው ቤት አልተመለሱም፤ ዛሬም የሚኖሩት እዚያው፣ በእህታቸው ክፍል ነው።