ሳይደርስ የተከፈለ ስለት

አዋሽ ሰባት ኪሎ መሬቱ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ሰሞን ሰው ሁሉ አንድ ቃል ነበረው፤ «እግዚአብሔር ቸር ነው»። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ይለዋል፣ ጎረቤቴ ትለዋለች፣ እናቴም በስልክ ትለዋለች። እኔ አሜን እያልኩ ግድግዳውን አያለሁ። ከአልጋችን ራስጌ ያለው ስንጥቅ ከትናንቱ ወረድ ብሏል ወይስ ዓይኔ ነው? የድስት ክዳን ሲንቀጫቀጭ እደነግጣለሁ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ልጄን ታቅፌ ግቢው መሃል እቆማለሁ።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቴ እኔንና የአምስት ዓመት ልጃችንን ሰመራ፣ የአጎቱ ልጅ ዘንድ ላከን። እሱ የጋራዥ ሥራውን ትቶ መምጣት አልቻለም። ሰመራ ስንደርስ የአጎቱ ልጅ ስልክ ዝግ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ጥላ ሥር፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ ስደውል፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት ለልጄ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘው ወጡ። ጠና ያሉ የወሎ ሴት ናቸው። ያለሁበትን ሁኔታ ከሰሙ በኋላ፣ «ከጓሮ አንድ ክፍል አለች፤ ሻንጣሽን አስገቢ» አሉኝ።

«ኪራዩ ስንት ነው?»

«መጀመሪያ እረፊ።»

መልሱ አላማረኝም። ዋጋውን የማይናገር ሰው በኋላ ብዙ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። የምሄድበት ስላልነበረኝ ገባሁ፤ በሩን ከውስጥ ቆልፌም ሻንጣውን አስደገፍኩት።

የአጎቱ ልጅ ስልክ በማግሥቱም ከዚያም ወዲያ አልተከፈተም። በዚያ ሙቀት ቬንትሌተር ያለው ክፍል ለማያውቋት ሴት ለምን ይሰጣሉ? ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ለብቻው ሠርተው ያመጡልናል። «ጾማችንን በምን አወቁ?» ብላቸው፣ «የወሎ ሰው አይደለሁ እንዴ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ራሴ ቀምሼ ትንሽ ሳልቆይ ለልጄ አላጎርስም ነበር።

ከሁሉ ያስፈራኝ ልጄን የሚያዩበት ዓይን ነው። ፀጉሯን ሲያበጥሩላት ማበጠሪያውን እንደያዙ ፍዝዝ ይላሉ። አንድ ቀን «ጣቶቿ የእሷን ይመስላሉ» ሲሉ ሰማኋቸው።

«የማንን?»

ተነሥተው ወደ ምድጃቸው ሄዱ።

ለባለቤቴ ደውዬ «ሴትየዋ ልጄን ፈልገዋታል» አልኩት። «ሙቀቱ ነው፤ ተረጋጊ» አለኝ። እናቴ ደግሞ «እግዚአብሔር ያዘጋጀልሽን ቤት ምን ያስጠረጥርሻል?» አለች። እግዚአብሔርንም አብሬ እየጠረጠርኩ እንደሆነ አልነገርኳትም። ቤቴን ከሥሬ ካናወጠ በኋላ የሰው ቤት የሰጠኝ ምን አስቦ ነው?

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጥቤ ስገባ ልጄ የለችም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሴትየዋም የሉም። ሻይ የሚጠጣ አንድ ደንበኛ «ሕፃኗን ይዘው ወደ አስፋልቱ ወጡ» አለኝ። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ከጅቡቲ የሚመጡ ተሳቢ መኪኖች የሚቆሙበት ስደርስ፣ ሴትየዋ ከአንዱ መኪና ሥር ቆመው ከሾፌሩ ጋር ያወራሉ። ልጄ እጃቸውን ይዛለች።

መንጭቄ ወሰድኳት። «ለማን ሊሰጧት ነው?» ብዬ ጮህኩ። የቆሙት ሾፌሮች ሁሉ ዞሩ።

እሳቸው አልተቆጡም። የያዙትን ስልክ ወደ እኔ አዞሩት። ፎቶው ላይ ያለችው ሐምራዊ ሻሽ ያሰረች፣ ፎቶ መነሳት ያሳፈራት የምትመስል ወጣት ናት።

«ልጄ ናት» አሉ። «በዚህ መንገድ ሄዳ፣ ባሕሩን ተሻገረች አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። የሄደችበትን መንገድ ብዬ ነው እዚህ ሻይ ቤት የከፈትኩት፤ መኪና በቆመ ቁጥር እጠይቃለሁ። የአንቺዋ ተከትላኝ ወጣች። ሳልነግርሽ መውጣት አልነበረብኝም፤ አውፍ በይኝ።»

ሾፌሩ «ኢንሻአላህ የሰማሁት ካለ እደውልልዎታለሁ» ብሎ ወደ መኪናው ወጣ።

ልጄን ታቅፌ ከእሳቸው ጋር ወደ ሻይ ቤቱ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ እኛን ለምን አስገቡን?»

«ስለት አለብኝ። ልጄ በሰላም ከተመለሰችልኝ፣ ደጄ የደረሰ መንገደኛ አይመለስም ብያለሁ።»

«ስለት የሚገባው እኮ ሲደርስ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን እሷም ይሄኔ የሆነ ሰው ደጅ ተቀምጣ ይሆናል። ዛሬ ውኃ ቢጠማት፣ የዚያ ቤት ሰው ስለቴ ይድረስ ብሎ ይጠብቅ? አላህ ደግ ነው ልጄ። እንደ ነጋዴ አልከራከረውም።»

«ካልመጣችስ?» ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ።

ቆም አሉ። «እሱን ሌሊት ሌሊት እኔም እጠይቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሲነጋ ግን ሻይ እጥዳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አብሬያቸው አስፋልት እወጣ ነበር። አንዳንዱ ሾፌር ፎቶውን አየት አድርጎ «የማውቃት ትመስለኛለች፤ ደህና ናት» ይላል። ዓይኑን አይቼ እንደሚዋሽ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን መርቀውት ይሸኙታል።

መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል ወደ አዋሽ ተመለስን። ባለቤቴ ግድግዳውን በሲሚንቶ ደፍኖታል፤ እኔ ግን እስካሁን አላመንኩትም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ስለ እሳቸው ልጅ እለምናለሁ። መሰማቴን እርግጠኛ ሆኜ አይደለም፤ እሳቸው ሻይ እንደሚጥዱት ነው።

በቀደም ደውዬ «የመጣ ወሬ አለ?» አልኳቸው።

«የለም፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን እንግዳ ገብቶብኛል፤ ቆየት ብለሽ ደውዪ» ብለው ዘጉት።